ናፍጣ በሙቀትና በግፊት ምን ያህል ይለዋወጣል? በገዛ እጅ የመለካትና በቀመር የማስላት ዝርዝር መመሪያ

አጎቴ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ሽንኩርት በመስኖ ያለማ ነበር። ፓምፑ ሥራ ሲያቆም የተረፈውን አንድ በርሜል ናፍጣ ደብረ ብርሃን ላለው ወፍጮ እንድናወጣው ወሰነ። ሂሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ በ20 ሊትር መለኪያ ጀሪካን አሥር ጊዜ ሞልቼ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩ። ድምሩ 200 ሊትር ነው። ክዳኑን አጥብቄ በሽቦ አሰርኩት። ጭነቱ የደብረ ሲናን አቀበት ወጥቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን ገባ። በርሜሉ ግቢያችን ጥላ ውስጥ ሁለት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሽቦውን ራሴ ፈትቼ በዚያው ጀሪካን መልሼ ለካሁት። ዘጠኙ ሞላ፤ አሥረኛው 16 ሊትር ተኩል ላይ ቆመ።

ሹፌሩ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ተከፍቶ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንተው አስረህ አንተው የፈታኸውን ሽቦ እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሆኖም ደብተሬ ላይ «3.5 ሊትር ጎድሏል» ብዬ ጻፍኩ፤ ዋጋውም ከኪራያቸው ተቆረጠ። ከሳምንታት በኋላ ቴርሞሜትር ይዤ በሁለቱም ቦታ ያኔ በለካሁበት ሰዓት ስለካ ታች ያለው ናፍጣ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ላይ ያለው 12 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ የሙቀት ልዩነት 200 ሊትር ናፍጣ ማንም ሳይነካው ከ3 ሊትር በላይ ይሰበሰባል። ገንዘቡን መለስኩላቸው፤ ቤታቸው ድረስ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው በሊትር የሚረከብና በሊትር የሚያስረክብ ሁሉ የሰው ስም ከማንሳቱ በፊት ይህን ስሌት እንዲሠራ ስለምፈልግ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው?

ናፍጣ፣ ላምባና ቤንዚን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ የሰንሰለት ቅርጽ ያላቸው ሞለኪውሎች ድብልቅ ናቸው። ሲሞቁ ሞለኪውሎቹ አጥብቀው ስለሚንቀጠቀጡ እርስ በርስ ይራራቃሉ፤ ይዘቱ ይጨምራል፣ እፍግታው (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ክብደት) ይቀንሳል። ክብደቱ ግን ያው ነው። የእኔ በርሜል ሸዋ ሮቢት ቢመዘን 166.6 ኪሎ ግራም ናፍጣ ይዞ ነበር፤ ደብረ ብርሃንም ቢመዘን ያንኑ ይል ነበር። ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ሞለኪውሎቹ የሚሳሳቡበት ኃይል ስለሚደክም ፈሳሹ በሙቀት አብልጦ ይሰፋል። ቤንዚን ከላምባ፣ ላምባም ከናፍጣ በላይ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው።

ግፊት ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ሞለኪውሎቹን ያቀራርባል። ነገር ግን ፈሳሽ እንደ አየር በቀላሉ አይታመቅም። ይህንን በኋላ በቁጥር እናየዋለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ጥንቃቄ

ከዚህ በታች ያለውን ሙከራ በናፍጣ ብቻ ይሥሩ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ በእሳት የሚያያዝ ትነት ስለሚያወጣ ለእሱ ቀመሩ ይበቃል፤ በእጅ አይሞከርም። ላምባ 38 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትነቱ ሊቀጣጠል ይችላል። ናፍጣን ከ40 ዲግሪ በላይ አያሙቁ፤ የሚያሞቁትም በሞቀ ውሃ ይሁን እንጂ በምድጃ አይሁን። ውሃው ሌላ ቤት ፈልቶ ይምጣ። ሥራው ነፋስ በሚገባበት ደጅ ይሁን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለነዳጅ የተሠራ የብርጭቆ ሃይድሮሜትር (ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ እፍግታውን የሚያሳይ መለኪያ) ያስፈልጋል፤ ከ800 እስከ 850 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ የሚያነብ ለናፍጣ ይስማማል። ግንዱ ላይ በስንት ዲግሪ እንደተስተካከለ ተጽፏል፤ 15 የሚለውን ይምረጡ። ሃይድሮሜትሩ ግድግዳ ሳይነካ የሚንሳፈፍበት ረጅም መለኪያ ሲሊንደር፣ ግማሽ ዲግሪ የሚለይ ቴርሞሜትርና ሁለት ባልዲ ውሃ ይጨምሩ።

ቴርሞሜትሩን ሳይፈትሹ አይመኑት። የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ ቀላቅለው ሲነክሩት ዜሮ ማለት አለበት። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ፈተና በፈላ ውሃ አድርጎ 100 ይጠብቃል። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 71.5 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ብቻ ነው፤ ውሃም የሚፈላው 90.5 ዲግሪ ላይ ነው። ቴርሞሜትርዎ 90 ወይም 91 ካለ ደህና ነው፤ አይጣሉት። እስከ 50 ዲግሪ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ፈላ ውሃ ውስጥ አይክተቱት፤ ይሰበራል።

ደረጃ 1፦ እፍግታን በተለያየ ሙቀት መለካት

ናፍጣውን በንጹሕ ጨርቅ አጣርተው ሲሊንደሩን እስከ አራት አምስተኛው ይሙሉ። ከጀሪካን ሲቀዳ አረፋ ይይዛልና ለአሥር ደቂቃ ይተዉት። ሲሊንደሩን ከነናፍጣው ባልዲ ውሃ ውስጥ ያቁሙ፤ የውሃው ከፍታ ከናፍጣው ከፍታ አይነስ። ቴርሞሜትሩን ከታችም ከላይም አድርገው ያንብቡ። ሁለቱ ንባቦች ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያዩ በቀጭን ዘንግ ቀስ ብለው እያማሰሉ ይጠብቁ። ሃይድሮሜትሩን የላይኛውን ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ይልቀቁት፤ ከፍ አድርገው ከጣሉት ግንዱ በናፍጣ ይረጥብና ክብደት ይጨምራል።

ንባቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው የሚገባው። ናፍጣ በሃይድሮሜትሩ ግንድ ዙሪያ ወደ ላይ ይሳባል፤ ትንሽ የተንጋለለ ጠርዝ ይሠራል። የጠርዙን ጫፍ አያንብቡ። ዓይንዎን ከፈሳሹ ገጽ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ገጹ ከሥር እንደ ሞላላ ሰሌዳ ሆኖ ይታይዎታል። ዓይንዎን ቀስ ብለው ሲያነሡ ሞላላው እየጠበበ ሄዶ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ይሆናል። ያቺ መስመር ግንዱን የምትቆርጥበት ቁጥር እውነተኛው ንባብ ነው። በጠርዙ ጫፍ የሚያነብ ሰው በየጊዜው አንድ ሁለት አሃድ ይስታል፤ አንድ አሃድ መሳት ደግሞ ሙቀቱን ከአንድ ዲግሪ በላይ የመሳት ያህል ነው።

የደብረ ብርሃን ማለዳ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ሰሞን ውጭ ያደረ የባልዲ ውሃ ያለ ማቀዝቀዣ ቀዝቃዛውን ንባብ ይሰጥዎታል። ከዚያ እያሞቁ በየአምስት ዲግሪው እስከ 35 ድረስ ያንብቡ፤ ከዚያም እያቀዘቀዙ ይመለሱ። የወጣበትና የወረደበት ንባብ ካልተገጣጠመ ናፍጣው ሙቀቱን ሳያስተካክል ቸኩለዋል ማለት ነው።

በ15 ዲግሪ 845 የሚመዝን ናፍጣ የሚሰጠው ቁጥር ይህን ይመስላል፦ በ8 ዲግሪ 849.9፣ በ12 ዲግሪ 847.1፣ በ20 ዲግሪ 841.5፣ በ25 ዲግሪ 837.9፣ በ32 ዲግሪ 832.9። በካሬ ወረቀት ላይ ነጥቦቹን ያኑሩና በማስመሪያ ያገናኙ፤ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። በአንድ ዲግሪ የሚወርደውን መጠን ያስሉ፤ 0.71 አካባቢ ይሆናል። ይህን በ845 ሲያካፍሉ 0.00084 ያገኛሉ። የናፍጣዎ የመስፋፋት ቁጥር ይህ ነው፤ አንድ ሊትር በአንድ ዲግሪ 0.84 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ሃይድሮሜትር ላጣ ሰው

ይህን መንገድ እኔ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ መስፋፋቱን በዓይን ያሳያል። ባዶ የቢራ ጠርሙስ ይታጠብና ይድረቅ። ጥብቅ ቡሽ በስተው ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ያስገቡ። ተራ ጎማ በናፍጣ ስለሚያብጥ ለዚህ አይሆንም። ጠርሙሱን አፉ ድረስ በናፍጣ ሞልተው ቡሹን ሲጫኑ ናፍጣው ቱቦው ውስጥ ጥቂት ይወጣል። ከሥር አንዲት የአየር ጠብታ እንኳ መቅረት የለባትም። ጠርሙሱን ባልዲ ውስጥ አስቀምጠው ሙቀቱ ሲረጋ ቱቦው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ውሃውን በአምስት ዲግሪ ያሙቁ።

ጠርሙሱ አፉ ድረስ 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ በእያንዳንዱ ዲግሪ ናፍጣው ቱቦው ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሩብ ያህል ይወጣል። ልብ ብለው ካዩ ጠርሙሱ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ በገባ ቅጽበት ናፍጣው መጀመሪያ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱ ቀድሞ የሚደርሰው ብርጭቆው ጋር ስለሆነ ጠርሙሱ ይሰፋል፤ ናፍጣው ደግሞ ዘግይቶ ይከተላል። ስለዚህ የሚያዩት የናፍጣው መስፋፋት ከብርጭቆው መስፋፋት ተቀንሶ ነው። በመጨረሻ ባገኙት ቁጥር ላይ የብርጭቆውን 0.000026 ገደማ ይደምሩ።

ደረጃ 2፦ ግፊትን መለካት

ይህ ክፍል በቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። የናፍጣ ፓምፕና ኢንጀክተር (የናፍጣ መርጫ) የሚጠግን ጋራዥ ወይም የኮሌጅ ወርክሾፕ ያስፈልጋል። በግፊት የሚወጣ ቀጭን የናፍጣ ፍንጣቂ፣ ግፊቱ ከመቶ ባር (10 ሜጋ ፓስካል) በታች ቢሆንም እንኳ፣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ይመስላል እንጂ ወዲያው ሐኪም ቤት ካልተደረሰ እጅ ያሳጣል። መነጽር ይልበሱ፤ የሚያፈሰውን ቦታ በጣት አይፈልጉ፤ ከ100 ባር አይለፉ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ወፍራም የብረት ዕቃ በፈሳሽ ይሞላል፤ በጥርስ የሚዞር ፕላንጀር (የሚገፋ ዘንግ) ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) ግፊቱን ያሳያል። ዕቃው 250 ሚሊ ሊትር፣ ፕላንጀሩ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን አንድ ዙር 0.118 ሚሊ ሊትር ይገፋል። አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። የአየር ጠብታ ካለ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ግፊት ሳያሳዩ ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ ፈትቶ እንደገና አየር ማስወጣት ነው።

ነገር ግን ዕቃው ራሱ ይለጠጣል፤ ቱቦውና ማኖሜትሩም ይለጠጣሉ። እንዳለ ከተወሰደ ናፍጣው ከእውነቱ በላይ የሚታመቅ ይመስላል። መላው አስቀድሞ በውሃ መሞከር ነው። የውሃ ጥንካሬ (አልታመቅም የማለት ኃይሉ) በ20 ዲግሪ 2,180 ሜጋ ፓስካል እንደሆነ ይታወቃል። በዚህ ስሌት 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ለእያንዳንዱ ሜጋ ፓስካል 0.115 ሚሊ ሊትር ብቻ መጠየቅ አለበት። መሣሪያው በአንድ ዙር 0.80 ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም 8 ባር፣ ካሳየ የጠየቀው 0.147 ነው። ትርፉ 0.032 የዕቃው መለጠጥ ነው፤ ይመዝገብ። ከዚያ ውሃውን አውጥተው ዕቃውን ያድርቁና ናፍጣ ይሙሉ። በአንድ ዙር 0.54 ሜጋ ፓስካል ካሳየ ጥያቄው 0.218 ሆነ፤ የዕቃውን 0.032 ሲቀንሱ 0.186 ይቀራል። 250ን በ0.186 ሲያካፍሉ የናፍጣው ጥንካሬ 1,344 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ናፍጣ ከውሃ ይልቅ በግፊት የሚሸነፍ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ናፍጣ በድንገት ሲታመቅ ይሞቃል፤ እስከ 100 ባር በአንድ ጊዜ ቢገፋ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ይህች ትንሽ ሙቀት በታሸገ ዕቃ ውስጥ ግፊቱን ከ15 ባር በላይ ከፍ ታደርገዋለች። ማኖሜትሩ ወርዶ ሲረጋ ብቻ ያንብቡ።

ደረጃ 3፦ ልኬቱን ወደ ቀመር መለወጥ

የእኔ መስመር ለእኔ ናፍጣ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣቸው ሠንጠረዦች ውስጥ ያለው ቀመር ግን በ15 ዲግሪ ያለው እፍግታ ከታወቀ የመስፋፋት ቁጥሩን ያወጣል፦

የመስፋፋት ቁጥር = (ቀዳማይ + ካልዓይ × እፍግታ) ÷ (እፍግታ × እፍግታ)

ቀዳማይና ካልዓይ ለየነዳጁ ዓይነት የተወሰኑ ቁጥሮች ናቸው። ከ838.5 በላይ ለሆነ ናፍጣ ቀዳማዩ 186.9696፣ ካልዓዩ 0.4862 ነው። ለላምባና በእሱ አካባቢ ላሉ ቀለል ያሉ ነዳጆች ቀዳማዩ 594.5418፣ ካልዓዩ ዜሮ ነው። ለቤንዚን ቀዳማዩ 346.4228፣ ካልዓዩ 0.4388 ነው። ለ845 ናፍጣ 0.000837 ይወጣል። ከጠርሙሱና ከሃይድሮሜትሩ ካገኙት ጋር ያስተያዩት። ለ740 ቤንዚን 0.00123 ይሆናል። የእኔ በርሜል ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ያንኑ መንገድ ወጥቶ 5 ሊትር ገደማ ይሰበሰብ ነበር።

ቀጥሎ ከናፍጣው ሙቀት ላይ 15 ይቀንሱና (ሙቀቱ ከ15 በታች ከሆነ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይሆናል) በመስፋፋት ቁጥሩ ያባዙ፤ ውጤቱን «ም» እንበለው። የእርማቱ አባዢ የሚገኘው 2.71828ን −ም × (1 + 0.8 × ም) በሆነ ኃይል ከፍ በማድረግ ነው። በኤክሴል «ኤክስፕ» የሚባለው ተግባር ይሠራዋል። በ32 ዲግሪ 0.9857፣ በ12 ዲግሪ 1.0025 ያገኛሉ። የመጀመሪያውን በሁለተኛው አካፍለው በ200 ሲያባዙ 196.65 ሊትር ይሆናል። አሥረኛው ጀሪካን 16 ሊትር ተኩል ላይ የቆመው ለዚህ ነው፤ የቀረችው ጥቂት ከጀሪካኑና ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ የቀረች ናት።

ለግፊትም ተመሳሳይ ቀመር አለ። እፍግታው በኪሎ ግራም በሊትር ይግባ፤ ማለትም 0.845። ቀጥሎ ይህን ያስሉ፦

−1.62080 + 0.00021592 × ሙቀት + 0.87096 ÷ እፍግታ² + 0.0042092 × ሙቀት ÷ እፍግታ²

ውጤቱን በ«ኤክስፕ» አስገብተው ለአንድ ሚሊዮን ያካፍሉ፤ በአንድ ኪሎ ፓስካል የሚታመቀው ድርሻ ይወጣል። በ20 ዲግሪ 0.757 በሚሊዮን ነው፤ ተገልብጦ ሲታይ ጥንካሬው 1,320 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ከላይ በዙር ካገኘነው 1,344 ጋር ልዩነቱ ሁለት በመቶ ገደማ ነው፤ ለጋራዥ መሣሪያ ይህ መልካም ውጤት ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ የምሰማውን ክርክር በቁጥር ማየት ይቻላል። «ያጎደለው ሙቀት ሳይሆን ከፍታው ነው» ይባላል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 87 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ከደብረ ብርሃን ጋር ያለው ልዩነት 15.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። 200 ሊትር በዚህ ልዩነት የሚለወጠው 2 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ያውም ወደ ደጋ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ናፍጣው በዚህ በኩል ይሰፋል እንጂ አይሰበሰብም። ከፍታ ኃይሉን የሚያሳየው በትነት ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ባለበት ቦታ ቤንዚን ለመትነን ይቀለዋል፤ የታሸገ የቤንዚን ጀሪካን ጣርማ በር ላይ ሆዱን ነፍቶ የሚታየው ከውጭ የሚገፋው አየር ስለቀነሰ ነው። ቀስ ብለው፣ ፊትዎን አዙረው፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው ይክፈቱት።

የሁለቱን ቁጥሮች ብዜት ማወቅ ደግሞ ሕይወት ያድናል። 0.000837ን በ1,320 ሲያባዙ 1.1 ሜጋ ፓስካል ያገኛሉ። ምንም ባዶ ቦታ ሳይቀርለት በማይለጠጥ ዕቃ የታሸገ ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ብቻ 11 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል ማለት ነው። ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ እስከ አፉ የተሞላ በርሜል ወደ ቆላ ሲወርድ ስፌቱ የሚፈነዳው በዚህ ኃይል ነው። በርሜል ሲሞላ ከላይ አምስት በመቶ ያህል ባዶ ይተዉ።

ደረጃ 4፦ ከፍ ላለ ግፊት

ከላይ ያለው የግፊት ቀመር እስከ 100 ባር ገደማ ያገለግላል። የዘመናዊ ናፍጣ ሞተር መርጫ ግን ከ1,000 ባር ያልፋል። እዚያ ናፍጣው እየታመቀ በሄደ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚመጣ ቀጥ ያለው መስመር ያሳስታል። ለዚህ የስኮትላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ቴይት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ውሃ መታመቅ ካጠናው የመነጨ ቀመር ይጠቅማል፦

የታመቀው ድርሻ = 0.0894 × ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (1 + ግፊት ÷ ለ)

«ለ» የሚገኘው 0.0894ን በዝቅተኛ ግፊት በለኩት ጥንካሬ በማባዛት ነው፤ ለ1,320 ውጤቱ 118 ሜጋ ፓስካል ነው። 1,500 ባር ማለት 150 ሜጋ ፓስካል ነው። ቀጥታው መስመር 11.4 በመቶ ታመቀ ሲል ይህ ቀመር 7.3 በመቶ ይላል። ልዩነቱ ለወፍጮ ሂሳብ ምንም አይደለም፤ ኢንጀክተር በአንድ መርጨት ስንት ናፍጣ እንደሚሰጥ ለሚያሰላ ግን ብዙ ነው።

ደረጃ 5፦ ቀመሩን መፈተን

ከንባቦችዎ መካከል ሁለቱን ቀመሩን ሲሠሩ አይጠቀሙባቸው፤ ለይተው ያስቀምጡ። ለምሳሌ የ10 እና የ30 ዲግሪው ይሁኑ። ቀመሩ ካለቀ በኋላ የእነዚህን እፍግታ አስቀድመው ያስሉና ከለኩት ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ከግማሽ አሃድ ካነሰ ቀመሩን ይመኑት። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከራቁ ሃይድሮሜትሩን ወይም ዓይንዎን ይጠርጥሩ፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከራቀ የሙቀቱን ንባብ ይመርምሩ። ከሌላ ጭነት የመጣ ናፍጣ ሲገባ እፍግታውን እንደገና ይለኩ፤ በ15 ዲግሪ 825 የሆነና 845 የሆነ ናፍጣ በአንድ ስም ይሸጣሉ።

የእኔ የርክክብ ደብተር ዛሬ አራት ዓምድ አለው፦ የተለካው ሊትር፣ የናፍጣው ሙቀት በርሜሉ መሐል ሲለካ፣ በሃይድሮሜትር የተነበበው እፍግታ፣ ወደ 15 ዲግሪ የተመለሰው ሊትር። አስረካቢውና ተረካቢው የሚፈርሙት በአራተኛው ዓምድ ላይ ነው። ያ በርሜል ሸዋ ሮቢት ላይ በዚህ ዓምድ ቢጻፍ ኖሮ 197.1 ሊትር ይባል ነበር፤ ደብረ ብርሃንም ላይ 197.1።